የማኅበረሰቦቻችንን ወዳጅነት ማን አጠፋው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቅርቡ አንድ የፊልም ካሜራ ወዳጅ ለአሥራ ሁለት ዓመታት ከኖሩበት የበይነ መረብ ማኅበረሰብ የወጡበትን ምክንያት የሚያስረዳ ረጅም ጽሑፍ አሰራጭተው ነበር። ጽሑፉ በፎቶግራፍ፣ በእጅ ሥራ፣ በአትክልትና በመሳሰሉት የትርፍ ጊዜ ዝንባሌዎች ዙሪያ በተሰባሰቡ ሰዎች ዘንድ ሲዘዋወር ሰንብቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ሐሳባቸውን እንጂ ማንነታቸውን ለመሞገት ስላልተነሣሁ ስማቸውን አላነሣም፤ ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ግን ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚሉት እንዲህ ያሉ ማኅበረሰቦች ሲጀመሩ ደግና ተቀባይ ናቸው፤ አባሎቻቸው ሲበዙ ግን ይህ ደግነት መጥፋቱ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ለጥፋቱ ዋነኞቹ ተጠያቂዎች ሳያነቡና ሳይፈልጉ የሚጠይቁ «መጤዎች» ናቸው። የተረፈውን ሞቅ ያለ መንፈስ ደግሞ የደንብና የአድሚን መብዛት አቀዘቀዘው፤ በመጨረሻም ነጋዴ ገባና ቦታው ገበያ ሆነ። ስለዚህ የሚበጀው ትልቁን ቤት ለመጤዎቹ ትቶ ከጥቂት የቆዩ ወዳጆች ጋር በር ዘግቶ መቀመጥ ነው ይላሉ።

ይህን ምላሽ የምጽፈው ነገሩ በቅርብ ስለሚያገባኝ ነው። እኔ ቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ ዓሣ አረባለሁ፤ በዚሁ ዝንባሌ በተሰባሰበ አንድ የበይነ መረብ ማኅበረሰብ ውስጥ ለአሥራ ሦስት ዓመታት ኖሬያለሁ፤ ከእነዚህም ስድስቱን በአድሚንነት አገልግያለሁ። ጸሐፊው ያዩትን ለውጥ እኔም አይቻለሁ። ድሮ ለአንድ ጀማሪ ጥያቄ አምስት ሰው ተሽቀዳድሞ የሚመልስበት ቦታ፣ ከጊዜ በኋላ ጠያቂው በአንድ መስመር ስድብ የሚሸኝበት ሲሆን ተመልክቻለሁ፤ አዝኛለሁም። ስለዚህ ለውጡ አልደረሰም ብዬ አልከራከርም። የምከራከረው በምክንያቱ ላይ ነው፤ በሽታውን የሳተ መድኃኒቱንም ይስታልና።

ጸሐፊው ብዛት ወዳጅነትን ይገድላል የሚለውን የመጀመሪያ ነጥባቸውን የሚያስደግፉት በዩዝኔት ታሪክ ነው። ታሪኩ እውነተኛ ነው። ዩዝኔት እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረና በመጀመሪያ ዘመኑ በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ተቋማት ያሉ ሰዎች በየርዕሱ የሚወያዩበት መረብ ነበር። በየዓመቱ ሴፕቴምበር ሲደርስ አዲስ የገቡ ተማሪዎች ኮምፒውተር የመጠቀም ፈቃድ ያገኙና ወደ መረቡ ይጎርፋሉ፤ የቦታውን ወግ ስለማያውቁም ይረብሻሉ። ነባሮቹ ይቆጣሉ፣ ይመክራሉ፣ ያስረዳሉ፤ ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ አዲሶቹ ወጉን ይለምዱና ነገሩ ይረጋጋል። እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ1994 ግን አሜሪካ ኦንላይን የተባለው ኩባንያ የዩዝኔትን በር ለደንበኞቹ ከፈተ፤ ጎርፉም በአንድ ወር የሚያበቃ መሆኑ ቀረ። ነባሮቹ ያንን ጊዜ «ማብቂያ የሌለው ሴፕቴምበር» አሉት፤ ስሙም እስከ ዛሬ ቀርቷል።

እኔ ከዚሁ ታሪክ የማነበው ሌላ ነገር ነው። ከ1993 በፊት ከአሥር ለሚበልጡ ዓመታት ሴፕቴምበር በመጣ ቁጥር ብዙ ሰው ይገባ ነበር፤ ማኅበረሰቡም እያንዳንዱን ተሻግሯል። ብዛት በራሱ ገዳይ ቢሆን ኖሮ ዩዝኔት ገና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ባለቀለት ነበር። ያሻገረው የሚያስተምር ሰው መኖሩና ለማስተማሪያ የሚሆን ፋታ መገኘቱ ነው። በ1993 የጠፋው ፋታው ነው፤ የሚገባው ሰው ከሚያስተምረው ሰው አቅም በላይ ሆነ። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ከእርሱ የሚከተለው ብዙ ነው፤ ችግሩ የአስተማሪ ማነስ ከሆነ አስተማሪ ማብዛት ይቻላልና።

የቅርብ ጊዜ ጥናቶችም የጸሐፊውን «የተፈጥሮ ሕግ» አይደግፉም። ሰዎች በየርዕሱ ተሰባስበው የሚወያዩበት ሬዲት የተባለው ድረ ገጽ በአንድ ወቅት ጥቂት ማኅበረሰቦችን እየመረጠ አዲስ የተመዘገበ ተጠቃሚ ሁሉ ሳይጠይቅ አባል እንዲሆንባቸው ያደርግ ነበር፤ የተመረጠው ማኅበረሰብ በአንድ ጀምበር የሕዝብ ጎርፍ ይወርድበታል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ጎርፍ የደረሰባቸውን አሥር ማኅበረሰቦች መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2017 አቅርበዋል። ለጽሑፎች የሚሰጠው የድጋፍ ድምፅ መጀመሪያ ላይ ቀንሶ በኋላ ማገገሙን፣ ስለ ጥራት መውረድ የሚቀርበው ቅሬታ አለመብዛቱን፣ የየማኅበረሰቡ መለያ አነጋገርም በሌላው የሬዲት አነጋገር ተውጦ አለመቅረቱን አገኙ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ኖስሊፕ የተባለውን አስፈሪ ታሪኮች የሚጻፉበትን የሬዲት ማኅበረሰብ ተመልክቷል። በዚያ ቦታ አስተያየት ሰጪው ታሪኩን እንደ እውነት ቆጥሮ መናገር አለበት የሚል ወግ አለ፤ አዲስ ሰው ሳያውቅ በቀላሉ የሚያፈርሰው ወግ ነው። ማኅበረሰቡ እ.ኤ.አ. በ2014 ለጎርፉ ተጋልጦ አባላቱ ከመቶ ሺዎች ወደ ሚሊዮኖች ቢያሻቅቡም ወጉ አልፈረሰም። ተመራማሪዎቹ ያገኟቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ አድሚኖቹ ተናበው መሥራታቸው፣ ተራ አባላት ወጉን የራሳቸው አድርገው መጠበቃቸው፣ የሚያግዙ ቴክኒካዊ መሣሪያዎች መኖራቸው። ሦስቱም የሰው ሥራ ናቸው።

በራሴ ማኅበረሰብ ያየሁትም ይህንኑ ያጠናክራል። በመካከላችን ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው አንዲት ሴት ነበሩ። በየምሽቱ እየገቡ አዲስ የመጣ ሰው የጠየቀውን ይመልሳሉ፤ የገንዳውን ልክ፣ የዓሦቹን ብዛት፣ ውኃው ከመቼ ጀምሮ እንደተሞላ በትዕግሥት ይጠይቃሉ፤ ከሳምንት በኋላም ተመልሰው «ዓሦቹስ እንዴት ሆኑ?» ይላሉ። ከእርሳቸው ሌላ በዚህ ሥራ የሚተጉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። በሰባተኛው ዓመት እትዬ የልጅ ልጅ ለማሳደግ ሲሉ ራቁ፤ አንዱ ሥራ ቀየረ፤ ሌላዋ ቤት ስትለውጥ ገንዳዋን አስወገደች። ስድስት ወር ሳይሞላ «ቦታው ተበላሸ፣ መጤ በዛበት» የሚል ሮሮ ጀመረ። እኔ በዚያን ጊዜ አዲስ አድሚን ስለነበርሁ መዝገቡን አገላበጥሁ። የዚያ ዓመት የአባላት ቁጥር ከቀድሞው ብዙም አልጨመረም ነበር። እነዚያ ሰዎች ከመራቃቸው በፊት የነበረውን የአንድ ወር ጥያቄ ስቆጥር ግን ለአዲስ ገቢዎች ከተሰጡት ምላሾች ከግማሽ የሚበልጡትን የጻፉት እነዚያ ሦስት ሰዎች ሆነው አገኘኋቸው። በሺህ የምንቆጠረው አባላት የሁላችን ጠባይ ነው ብለን የምንኮራበት ደግነት የሦስት ሰዎች የማታ ሥራ ነበር።

ይህን ካየሁ በኋላ የጸሐፊውን ሁለተኛ ነጥብ መቀበል አልችልም። በቅድሚያ «መጤ» የሚለውን ቃል ራሱን አልወደድሁትም። ቃሉ የቤት ባለቤትነትን ለአንዱ ወገን አስቀድሞ ሰጥቶ ሌላውን በጥርጣሬ ደጅ ላይ ያቆማል፤ ክርክሩ ሳይጀመር ፍርዱ ተሰጥቷል ማለት ነው። እኔ «አዲስ ገቢ» እላለሁ፤ ጸሐፊውም እኔም አንድ ቀን አዲስ ገቢ ነበርን።

ጸሐፊው አዲስ ገቢዎች ሰነፎች ናቸው፣ መልሱ ተጽፎ እያለ ሳይፈልጉ ይጠይቃሉ ይላሉ። በእኛ ዝንባሌ ከሁሉ የሚደጋገመው ጥያቄ «ዓሦቼ በገዛሁ በጥቂት ቀን ውስጥ ለምን ሞቱ?» የሚለው ነው። ሰውየው ገንዳውንና ዓሦቹን በአንድ ቀን ይገዛል፤ ውኃው ጥርት ያለ ነው፤ ማጣሪያው ይሠራል፤ ዓሦቹ ግን አንድ በአንድ ይሞታሉ። የሚገድላቸው በዓይን የማይታየው አሞኒያ ነው። ዓሦች በሚተነፍሱበት ጊዜ ከሰውነታቸው የሚያስወግዱት አሞኒያ በውኃው ይከማቻል፤ በቆየ ገንዳ ውስጥ በማጣሪያው ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። በአዲስ ገንዳ ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉም፤ በበቂ መጠን እስኪባዙ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። መልሱ በየማኅበረሰቡ መቶ ጊዜ ተጽፏል። ነገር ግን ያ ሰው ምን ብሎ ይፈልገው? አሞኒያ የሚባለውን ነገር ቢያውቅ ኖሮ መጀመሪያውኑ አይጠይቅም ነበር። ያላዩት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው፣ ስሙን የማያውቁትን ነገር ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። እርሱ የሚያውቀው ዓሣው መሞቱን፣ ውኃው ንጹሕ መሆኑን፣ ልጁ ማልቀሷን ነው፤ የጠየቀውም ያንኑ ነው። ለእኛ ጥያቄው መቶኛው ነው፤ ለእርሱ ግን የመጀመሪያው ነው።

መልሱ ተጽፎ አለ የሚለውም ቢሆን ጸሐፊው እንደሚያስቡት እርግጠኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ፎቶባኬት የተባለው የሥዕል ማስቀመጫ ድርጅት በእርሱ ዘንድ የተቀመጡ ሥዕሎች በሌሎች ገጾች እንዲታዩ የሚፈልግ ሰው በዓመት 400 ዶላር ገደማ እንዲከፍል ወሰነ። በዚያ ሰሞን መኪና ከሚጠግኑት እስከ ዕንጨት ሥራ ወዳዶች ድረስ በብዙ ማኅበረሰቦች ውስጥ «ይህን ብሎን እዚህ ጋ ፍታ» የሚሉ መመሪያዎች ሥዕላቸው ጠፍቶ ባዶ ሳጥን ሆኑ። ያሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በያሁ ግሩፕስ የተከማቸውን ይዘት እንደሚያጠፋ አስታውቆ በ2020 መጨረሻ አገልግሎቱን ጨርሶ ዘጋው፤ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል የተጠራቀመ የብዙ ሰዎች ዕውቀት አብሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቻችን የተሸጋገርንባቸው እንደ ዲስኮርድና ቴሌግራም ያሉ የመነጋገሪያ መተግበሪያዎች ትናንት የተባለውን በዛሬው ወሬ ሥር ይቀብሩታል። አንድ ጥሩ ምላሽ በሦስተኛው ቀን ከዓይን ይሰወራል፤ ጥያቄው በሳምንቱ ሲደገም ነባሩ ይሰለቻል፤ ስልቸታውንም በጠያቂው ላይ ያወጣዋል። የማኅበረሰብ ትዝታ የሚቀመጥበት ቦታ ሲጠፋ ትዝታውን የሚሸከመው ሰው ይሆናል፤ ሰው ደግሞ ይደክማል።

ስለ ነባሮች ስናነሣ ጸሐፊው ቢያነቡት የምመኘው አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ይህ ጥናት ቢራ አድቮኬትና ሬትቢር የተባሉ ሁለት የቢራ ቀማሾች ማኅበረሰቦችን የብዙ ዓመታት ጽሑፍ መርምሯል፤ ከትርፍ ጊዜ ዝንባሌ የወጣ በመሆኑ ለጉዳያችን ቅርብ ነው። ተመራማሪዎቹ እንዳገኙት አንድ አባል በቆይታው መጀመሪያ ላይ፣ ከጠቅላላ ዕድሜው አንድ ሦስተኛ በሚሆነው ጊዜ፣ የማኅበረሰቡን አነጋገር በትጋት ይቀስማል፣ አዲስ ቃልም ቶሎ ይለምዳል። ከዚያ በኋላ ይቆማል። ማኅበረሰቡ አነጋገሩን እየለወጠ ሲሄድ እርሱ በለመደው ይቀራል፤ የመዓዛ ስያሜ በሌላ ቃል ሲተካ እንኳ ነባሩ በአሮጌው ቃል መጻፉን ይቀጥላል። ርቀቱም እስኪሄድ ድረስ እየሰፋ ይመጣል። ይህን ሳነብ ደንግጫለሁ፤ «ቦታው ተለወጠብኝ» የምንለው ሮሮ ከፊሉ እኛ መለወጥ ያቆምንበትን ቀን የሚያመለክት ነውና። እንዲህ ስል ያለፈው ደግነት ሁሉ ምናባዊ ነበር ማለቴ አይደለም፤ እትዬን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ነገር ግን አንድ ነባር «ድሮ ሁሉም ሰው ጥሩ ነበር» ሲል የሚያስታውሰው ራሱ የሚማርበትንና ሁሉ ነገር አዲስ የሆነበትን ዘመን መሆኑን መዘንጋት የለበትም።

የእኔንም ጥፋት መናገር አለብኝ። እትዬ ከራቁ በኋላ በአንድ ምሽት አንድ ወጣት ያንኑ የዓሣ ሞት ጥያቄ ጠየቀ። ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ስለነበር «የመፈለጊያው ሳጥን ለጌጥ የተቀመጠ ይመስልሃል?» ብዬ መለስሁለት። ሃያ ያህል ሰዎች ምላሼን ወደዱት። ወጣቱ ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አልጻፈም። በጣም የሚያሳዝነኝ ስድቤ ብቻ አይደለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ሌሎች አባላት ለሌላ ጠያቂ የእኔኑ ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ደግመው መጠቀማቸው ነው። አድሚን ነበርሁና ምላሼ እንደ ወግ ተቆጠረ። አዲስ ገቢ ወግ የሚማረው ከደንብ ጽሑፍ ይልቅ ከነባሩ አፍ ነው፤ እኔ በዚያ ምሽት ያስተማርሁት ጀማሪን ማዋረድ እንደሚያስወድድ ነበር።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልለፍ። ደንብና አድሚን ሲበዛ ወዳጅነት ይቀዘቅዛል በሚለው ጸሐፊው በከፊል ትክክል ናቸው፤ ማስረጃውም እርሳቸው ከጠቀሱት ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው ዊኪፒዲያ በእንግሊዝኛው ክፍል የንቁ አዘጋጆቹ ቁጥር በ2007 ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ከዚያ ማሽቆልቆል ጀመረ። በ2013 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው የማሽቆልቆሉ ዋና ምክንያት በቅን ልብ የመጡ አዲስ አዘጋጆች ሥራቸው ወዲያው እየተሰረዘ መመለሱ፣ በሰላምታ ፈንታ በመሣሪያ የተላከ ማስጠንቀቂያ መቀበላቸውና ደንቦቹ ለአዲስ ሰው ሐሳብ የማይበገሩ ሆነው መጠንከራቸው ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም አውጪዎች መጠያየቂያ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎውም እ.ኤ.አ. በ2018 ቦታው አዲስ ሰውን በደንብ እንደማይቀበል በይፋ አምኖ የሥነ ምግባር ደንቡን ቀይሯል፤ አዲስ ጠያቂን ለይቶ የሚያሳውቅ ምልክትም አድርጓል።

ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ ደንብ ራሱ ጠላት ነው ማለት አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ሙከራ በሬዲት የሳይንስ ማኅበረሰብ ውስጥ ከ2,000 በሚበልጡ ውይይቶች ላይ ተካሂዷል፤ ከውይይቶቹ በዕጣ በተመረጡት አናት ላይ የቦታው ደንብ በግልጽ እንዲታይ ተደረገ። ደንቡን ያዩ አዲስ ገቢዎች ደንቡን የማክበር ዕድላቸው በ8 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ጨመረ፤ ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው በውይይቱ የሚሳተፉ አዲስ ገቢዎች ቁጥር በአማካይ በ70 በመቶ መጨመሩ ነው። ሰው የማያውቀው ቤት ሲገባ የት መቀመጥ እንዳለበት ቢነገረው ይቀለዋል፤ ሳይነገረው ቀርቶ ያልሆነ ቦታ ቢቀመጥና ቢሳቅበት ግን ተመልሶ አይመጣም። ጸሐፊው የሚናፍቁት «ደንብ ያልነበረበት ዘመን» ደንብ አልነበረውም ብዬ አላምንም፤ ያልተጻፈ ደንብ ነበረው፤ ያልተጻፈውን ደንብ ደግሞ የሚያውቁት ነባሮቹ ብቻ ናቸው። ዊኪፒዲያም ቢሆን መድኃኒት ሲፈልግ ደንቡን አላፈረሰም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 አዲስ አዘጋጆች ያለ ሐፍረት የሚጠይቁበት «ሻይ ቤት» የተባለ ክፍል ከፍቶ ፈቃደኛ ነባሮችን በዚያ አስቀመጠ። በደንቡና በሰውየው መካከል ሰው አስገባ ማለት ነው።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት አንድ ምክንያት እዚህ ላይ መግባት አለበት፤ እርሱም የምንሰባሰብባቸው መድረኮች አሠራር ነው። ድሮ ጽሑፎች በመጡበት ቅደም ተከተል ይታዩ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኞቹ ቦታዎች ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ብዙ ሰው የነካውን ወደ ላይ የሚያወጣ ስሌት ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለተወሰነ ጊዜ የቁጣ ምልክትን ጨምሮ የስሜት ምልክቶችን ከአንድ «ላይክ» አምስት እጥፍ አብልጦ ይመዝን እንደነበር ከኩባንያው በወጡ ሰነዶች ተጋልጧል። በዚህ ስሌት ሰላማዊ ጥያቄና ሰላማዊ መልስ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ጭቅጭቁ ከላይ ይቀመጣል፤ አዲስ የመጣ ሰውም ቦታውን በጭቅጭቁ ይለካዋል። የተቃውሞ ድምፅ የሚሰጥበት አሠራርም ጥፋተኛን ያርማል የሚለው እምነት አጠራጣሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ጽሑፋቸው የተነቀፈባቸው ሰዎች በኋላ አብዝተው እንደሚጽፉ፣ የጽሑፋቸው ጥራት እንደሚወርድና እነርሱም በተራቸው ሌሎችን ወደ መንቀፍ እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። ጸሐፊው «የመጤ ጠባይ» የሚሉት ብዙው ነገር በእኔ ግምት ከዚህ አሠራር የሚመነጭ ነው፤ ነባሩንም አዲሱንም እኩል ያከፋል።

ስለ ንግድ ብዙ የምለው የለኝም፤ በዋናው ነገር እንስማማለን። የሚሸጠውን ዕቃ እንደ ገለልተኛ ተጠቃሚ ሆኖ የሚያወድስ ሰው መተማመንን ይሰርቃል። ነገር ግን መሸጥና መለወጥ በእኛ ዝንባሌዎች ውስጥ ከመጀመሪያው የነበረ ነው፤ እኔ የመጀመሪያዎቹን የውኃ ውስጥ ተክሎቼን ያገኘሁት ከአንድ አባል ገዝቼ ነው፤ ወዳጅነታችንም የተጀመረው በዚያው ነው። ሻጭ ሻጭነቱን ይግለጥ፤ ከዚያ በኋላ ንግዱ የሚጎዳን አይመስለኝም።

ጸሐፊው መደምደሚያ ያደረጉት በር መዝጋትን ነው፤ ይህን መንገድ ሞክሬዋለሁ። የሮሮው ዘመን በበረታ ጊዜ አርባ ያህል ነባሮች ሆነን በጥሪ ብቻ የሚገባበት ቡድን አቋቋምን። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ጸሐፊው እንደሚገልጹት ነበሩ፤ ተፈላልገን ተገናኘን፣ ስድብ አልነበረም፣ ውይይቱ ጥልቅ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጠይቅ ሰው አልነበረንም። ሁሉም የሚያውቀውን ያውቃል፤ የማያውቀውን ደግሞ በእነዚህ ሰዎች ፊት መጠየቅ ያፍራል። የቀረን የገንዳችንን ፎቶግራፍ መለጠፍና ስለ ማጣሪያ ዓይነት የቆየ ክርክር መድገም ነበር። ሰው ደግሞ ከትርፍ ጊዜ ዝንባሌው በተለያየ ምክንያት ይለያል፤ ይወልዳል፣ ይታመማል፣ ቤት ይለውጣል፣ ፍላጎቱ ይቀዘቅዛል። ክፍት ቤት የሄደውን በመጣው ይተካል፤ የእኛ ግን የሄደው ሁሉ ጎዶሎ ሆኖ ቀረ። በሦስተኛው ዓመት የመጨረሻው መልእክት ለአንድ አባል የተላከ የልደት መልካም ምኞት ነበር፤ የመለሰለት ሰው አልነበረም።

ወደ ትልቁ ቤት ከተመለስን በኋላ ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። በየሳምንቱ ሁለት ነባሮች በተራ ለአዲስ ገቢዎች ጥያቄ ይመደባሉ፤ ሳምንታቸው ሲያልቅ ተራውን ለሌሎች አስረክበው ያርፋሉ። ተራ ላይ ያልሆነ ሰው የተደጋገመ ጥያቄን አልፎ መሄድ ይችላል፤ ጠያቂውን ማሽሟጠጥ ግን አይችልም፤ ይህ አድሚንንም ይመለከታል። ስለ አሞኒያ፣ ስለ ውኃ መቀየርና ስለ ዓሣ ብዛት የተጻፉ ምላሾችን ከያሉበት ለቃቅመን ሥዕላቸውን ጭምር በራሳችን ዘንድ አስቀመጥን። እንደ እትዬ ዘመን ሆነናል አልልም፤ ዛሬም የሚያሳፍሩ ቀኖች አሉን፣ ተራውን የሚዘነጋም አይጠፋም። ነገር ግን ዓሦቹ ሞተውበት ገብቶ የጠየቀ ሰው ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ የሌላውን ጥያቄ ሲመልስ ማየት ጀምረናል፤ በር በዘጋንበት ዘመን ይህ አንድ ጊዜ እንኳ አልታየም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ይህንም በቀጥታ ለጸሐፊው ልናገር። በጽሑፍዎ መጨረሻ ላይ ከማኅበረሰቡ በወጡበት ምሽት የአሥራ ሁለት ዓመት ምላሾችዎን አንድ በአንድ ማጥፋትዎን ገልጸዋል። ካጠፏቸው መካከል የተጣበቀ የካሜራ መዝጊያን ሳይሰብሩ ስለ መፍታት የጻፉት ባለ ብዙ ሥዕል መመሪያ እንደሚገኝበት ከጽሑፍዎ ተረድቻለሁ። መውጣት መብትዎ ነው፤ መድከምዎንም አልጠራጠርም፤ ምናልባት በዚያ ማኅበረሰብ እንደ እትዬ ከሦስቱ ሰዎች አንዱ እርስዎ ነበሩ። ነገር ግን ዛሬ ማታ አንድ ሰው ከአባቱ የወረሰውን ካሜራ ይዞ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ የሚመልስለት ሰውም የእርስዎን መመሪያ ፈልጎ ያጣዋል። ቅጂው በእጅዎ ካለ እባክዎ ይመልሱት፤ የሚያስቀምጡበት ቦታ ካጡም እኛ ዘንድ ቦታ አለ።